ጀበናው ሲያቃጥለኝ እጄን የሳበው ማነው?

ጀበና_አምባሳደር፦

ሰላም ለሁላችሁ። አምባሳደር አካባቢ ጀበና ቡና አፈላለሁ፣ ጥያቄዬም ከስራዬ የመጣ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰው በዝቶብኝ፣ ስኒ እያጠብኩ ሂሳብ እየተቀበልኩ፣ ቡናው ሊገነፍል ሲል ሳየው ብድግ ብዬ ጀበናውን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። እጀታውን ስቼ አንገቱን ያዝኩት። የገረመኝ ምን መሰላችሁ? እጄ ቀድሞ ተነሳ። ማቃጠሉ የተሰማኝ እጄ አየር ላይ ከሆነ በኋላ ነው። ያውም ሁለት ጊዜ። አንዴ እንደ መርፌ ጠቅ አደረገኝ፣ ከዚያ "ተረፍኩ" ብዬ ሳልጨርስ ያ የሚለበልበው ህመም መጣ።

ዱካ ላይ ከተቀመጡት ደንበኞቼ አንዱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ "እጅሽን የሳበው አንጎልሽ አይደለም፣ ህብለ ሰረሰርሽ ነው" አለኝ። ሁልጊዜ ጋዜጣ ይዘው የሚመጡ አንድ ጋሼ ደግሞ "ልጄ፣ ያለ ጭንቅላት የሚሰራ እጅ የለም፣ እንዲህ እያላችሁ ሰው አታሳስቱ" ብለው ተቆጡ። ከአቦል የተጀመረው ክርክር በረካ ላይም አላለቀም።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ስኳር አለባት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ "እግሬ ይደነዝዘኛል፣ ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል" ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ "ነርቭ ነው" ይላታል። ነርቭ ስንል ግን ምን ማለታችን ነው? ጅማት ነው? ደም ስር ነው? የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፣ ቢሆንም ካስረዱኝ ይገባኛል። ከስሩ የሚነግረኝ ሰው ካለ እግዜር ይስጥልኝ።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

እህቴ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ በዓመት አንዴ ቢመጣልኝ ደስታዬ ነው። ልጁ ልክ ነው። ጋሼም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ እመለስበታለሁ።

ከመዳፍሽ ቆዳ ስር እንደ ሳር ስር የተበተኑ የነርቭ ጫፎች አሉ። አንዳንዶቹ ስራቸው ሙቀትን መጠበቅ ብቻ ነው። ጀበናው ሲነካሽ እነሱ መልእክት ላኩ። መልእክቱ በክንድሽ ሽቅብ ወጥቶ፣ በብብትሽ በኩል አልፎ፣ አንገትሽ ግርጌ አካባቢ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ገባ። ህብለ ሰረሰር ማለት የጀርባ አጥንቱ ራሱ አይደለም፣ በአጥንቶቹ ቀዳዳ ውስጥ የሚወርደው ለስላሳ ገመድ ነው። ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት ነው፣ ርዝመቱ በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲሜትር ገደማ። ከሱ ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ ሌላ 12 ጥንድ አሉ፣ ለአይን፣ ለጆሮ፣ ለፊት፣ ለምላስ። አንጎልና ህብለ ሰረሰር አንድ ላይ ዋናው ክፍል ናቸው። ወደ ሰውነት የተዘረጋው የቀረው ሁሉ የዳር ነርቭ ይባላል።

አሁን ወደ እጅሽ። መልእክቱ ህብለ ሰረሰር ሲደርስ እዚያው ያለ አጭር የነርቭ ህዋስ ተቀበለውና ለሌላ አስተላለፈው። ያኛው በክንድሽ ቁልቁል ወርዶ ክንድ የሚያጥፈውን ጡንቻ "ሳብ!" አለው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከኋላ ያለው፣ ክንድ የሚዘረጋው ጡንቻ እንዲላላ ተነገረው፣ አለዚያ ሁለቱ ይጓተቱ ነበር። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ አስረኛ ሰኮንድ አካባቢ ነው። ታዲያ አንጎልሽስ? የመስሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ ላይ "ግልባጭ" እንደሚባለው ነው። ዋናው ደብዳቤ የሚመለከተው ክፍል ጋ ሄዶ ተፈጽሟል። ለአንጎል የደረሰው ግልባጩ ነው። "አቃጠለኝ" ያልሽው ግልባጩን ስታነቢ ነው።

ሁለት ጊዜ ያመመሽ ለምን መሰለሽ፣ ህመም የሚያመላልሱት ነርቮች ሁለት አይነት ስለሆኑ ነው። አንደኞቹ ስስም ቢሆን ሽፋን አላቸው፣ በሰኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ። ያ ጠቅ ያለሽ የነሱ ነው። ሁለተኞቹ ራቁታቸውን ያሉ ቀጫጭን ናቸው፣ በሰኮንድ 1 ሜትር ገደማ ነው የሚሄዱት፣ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ማለት ነው። ከመዳፍሽ እስከ አንገትሽ ግርጌ ብትለኪው ወደ 80 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ የሚለበልበው ህመም አንድ ሰኮንድ ያህል ዘግይቶ ቢደርስ አይገርምም። የእግር ጣትሽን ከደረጃ ጋር ስትመቺው ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። መመታቱን ወዲያው ታውቂያለሽ፣ ከዚያ "አሁን ሊመጣ ነው" ብለሽ ጥርስሽን ነክሰሽ የምትጠብቂያት ትንሽ ጊዜ አለች። ያቺ ጊዜ ህመሙ መንገድ ላይ የሆነባት ናት።

ጋሼ ልክ የሆኑት እዚህ ላይ ነው። እስቲ አስቢው፣ ጀበናውን አንስተሽ፣ ስር ህጻን ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ትጥይው ነበር? ጥርስሽን ነክሰሽ እስክታስቀምጪው ትይዢው ነበር። አንጎል ከላይ ሆኖ ህብለ ሰረሰሩን "ቆይ፣ አትልቀቅ" ማለት ይችላል። አስቀድሞ ካወቀ ማለቴ ነው። ቅዳሜ ግን ድንገት ስለሆነ ለመከልከል ጊዜ አልነበረውም።

ሲስተር_ልደታ፦

መምህር ጥሩ አድርገህ አስረዳሃት። እኔ ነርስ ነኝ፣ ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ስለ ቃጠሎው። እህቴ፣ ሲያቃጥልሽ የጥርስ ሳሙና፣ ዘይት፣ እንቁላል እንዳትቀቢ። ቀዝቃዛ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ ያህል ያዢው። በረዶ አይሁን፣ የቧንቧ ውሃ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በቆርቆሮ እየቀዳሽ ቀስ እያልሽ አፍስሺበት። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ደንበኛ እየጠበቀሽ ይከብዳል፣ ግን ቆዳው ከላይ ቀዝቅዞም ከስር ሙቀት ስለሚይዝ ነው። ከተቋጠረ አታፍርጪው።

ሁለተኛው ስለ እናትሽ ነው፣ እሱን ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፣ ተረኛ ስለሆንኩ ማታ ልመለስ።

የሽቦ_ሰው_መርካቶ፦

እኔ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ነርቭ በኤሌክትሪክ ይሰራል ሲባል እሰማለሁ። መምህር ግን በሰኮንድ 1 ሜትር፣ 30 ሜትር እያልክ ነው። እኔ የምዘረጋው ሽቦ ላይ ምልክት ከዚህ ሜክሲኮ ሳትል ደርሷል። ኤሌክትሪክ ከሆነ እንዴት እንዲህ ይንቀረፈፋል? ሰው ራሱስ ለምን ይነዝረዋል? አንዴ ክርኔን በር ጠርዝ ላይ መትቼው እስከ ትንሿ ጣቴ ድረስ ልክ ገመድ እንደነካሁ ነዘረኝ።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ድሮ ሳይንቲስቶችን ራሳቸውን ያሳሰበ ነገር ነው። የነርቭ ፍጥነት ጨርሶ ሊለካ አይችልም የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። በ1850 ሄልምሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ የእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካው፣ በሰኮንድ 30 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ሰው ሁሉ ያልጠበቀው ዝግታ ነው።

ልዩነቱ ይሄ ነው። በሽቦህ ውስጥ ኤሌክትሮን ነው የሚሄደው። በነርቭ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ጨው ነው። ነርቭ ህዋስ ውስጥ ፖታሲየም ይበዛል፣ ውጪው ላይ ሶዲየም ይበዛል፣ ሶዲየም ያው የወጥ ጨው ውስጥ ያለው ነው። በህዋሱ ግድግዳ ላይ ያለ ፓምፕ ሌት ተቀን 3 ሶዲየም እያወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። በዚህም በሌላም ምክንያት ውስጡ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። አንተ የምታውቀው ትንሽ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፣ የነርቭ ህዋስ የዚያ አንድ ሃያኛ ገደማ ነው። ግን ግድግዳው በጣም ስስ ስለሆነ ለሱ ትልቅ ጉልበት ነው።

ነርቩ ሲነካ ሶዲየም የሚያስገቡ በሮች ይከፈታሉ። ሶዲየም ይጎርፋል። ያቺ ቦታ ለአንድ ሺህኛ ሰኮንድ ያህል ትገለበጥና ውስጧ ፖዘቲቭ ይሆናል። መገልበጧ የጎረቤቷን በር ያስከፍታል። ያቺም የቀጣዩን። ስለዚህ ከእጅህ እስከ አንገትህ የተጓዘ አንድ ኤሌክትሮን የለም። በሩ ነው እየተከፈተ የሚሄደው፣ ቀልጠፍ ያለ ጎረቤት ለጎረቤት ወሬ እንደሚያቀብለው። ሽቦህ ላይ ምልክቱ በሄደ ቁጥር ይደክማል አይደል? እዚህ አይደክምም። በየቦታው አዲስ ሆኖ ስለሚወለድ የእግር ጣት ላይ የተነሳው ልክ እንደተነሳ ህብለ ሰረሰር ይደርሳል።

አንድ የምወደው ነገር አለ፣ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይሳሳቱበታል። ብዙ ሲያምህ ነርቩ ትልቅ ምት የሚልክ ይመስልሃል። አይደለም። ምቱ ሁልጊዜ እኩል ነው። ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም። ሲያምህ የሚለወጠው ብዛቱና ድግግሞሹ ነው። በር የሚያንኳኳ ሰው አስብ፣ ጉልበቱ አንድ አይነት ነው፣ የቸኮለው ግን ኳ ኳ ኳ ኳ ያደርጋል።

ሽፋኑንስ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ፈጣኖቹ ነርቮች ማይሊን የሚባል ቅባት የበዛበት ሽፋን ተጠቅልሎባቸዋል። ሽፋኑ ግን እንደ ሽቦህ ላስቲክ ወጥ አይደለም፣ በየሚሊሜትሩ ገደማ ክፍተት አለው፣ በሩ የሚከፈተው እዚያ ክፍተት ላይ ብቻ ነው። ያለ ሽፋን የሚሄደው ነርቭ "ወራጅ አለ" በተባለ ቁጥር እንደሚቆም ሚኒባስ ነው። ሽፋን ያለው እንደ ቀላል ባቡሩ ጣቢያ ጣቢያ ላይ ብቻ ይቆማል። ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ወፋፍራሞቹ በሰኮንድ ከ80 እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ። ሽፋኑ የሚላጥበት በሽታ አለ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። ያኔ መልእክቱ ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል።

ክርንህን በተመለከተ፣ የመታኸው አጥንት ሳይሆን ነርቭ ነው። ወደ ትንሿ ጣትና ወደ ቀለበት ጣት ግማሽ የሚሄደው ነርቭ ክርን ላይ ከቆዳ ስር ብዙም ሳይሸፈን ያልፋል። መሀሉን መትተኸው ሳለ አንጎል ግን "ከጣት የመጣ ነው" ብሎ ያነበዋል፣ ምክንያቱም በዚያ መስመር ዕድሜ ልኩን የመጣለት ወሬ የጣት ወሬ ነው።

ስጋ_ቤት_ዶሮ_ማነቂያ፦

እኔ ነርቭ ማለት ጅማት ነው ብዬ ነበር የማውቀው። አያቴ "ጅማቴ ዞረ" ስትል ወጌሻ ጋ ነበር የምንወስዳት። ልዩነቱን በስራዬ አስረዱኝ፣ ስጋ ቆራጭ ነኝ።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

ለአንተ ማስረዳት ቀላል ነው። ጥሬ ስጋ ስትቆርጥ ቢላዋ የሚያስቸግርህ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅና ጡንቻው አጥንት ላይ የሚታሰርበት ጅማት ነው። እሱ ገመድ ነው፣ መልእክት አይሸከምም። ደም የሚወጣበት ባዶ ቱቦ ደም ስር ነው። ነርቩ ደግሞ ሻኛውን ሳይሆን ታፋውን ስትፈታ በጡንቻዎቹ መሀል የምታገኘው ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ቀዳዳ የሌለው ገመድ ነው። ሰው ላይም ትልቁ ነርቭ እዚያው ነው፣ ከዳሌ በታፋ ጀርባ ወደ እግር ይወርዳል። ውፍረቱ ጣት ያህላል። ስትቆርጠው ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ታስረው ታያለህ።

ሲስተር_ልደታ፦

ያንን ነርቭ ስታነሱ አላልፈውም። መቀመጫ ላይ መርፌ የምንወጋው ወደ ላይና ወደ ውጪ ያለው ሩብ ላይ ነው። በመሀሉ ወይም ወደ ታች ከተወጋ ነርቩን ሊያገኘው ይችላል፣ እግር ማንሳት የሚያቅተው ልጅ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ መርፌ የሚወጋ ካለ ይሄን ይወቅ። ባይወጋ ደግሞ ይሻላል።

አሁን ስለ እናትሽ። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሳይስተካከል ሲቆይ ቀጫጭን የደም ስሮችንም ነርቮችንም ይጎዳል። ቀድሞ የሚጎዳው ረጅሙ ነርቭ ነው፣ ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምርና እንደ ካልሲ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ሌሊት ይብሳል። ቀጥሎ ይደነዝዛል። ሰው ሲደነዝዘው "ተሻለኝ" ይላል። እኔ የምፈራው ያንን ነው። ህመም ጠባቂ ነው፣ ጠባቂው ሲተኛ ሌባው ድምጽ የለውም። አንዲት እናት እግራቸውን ከሰል አጠገብ ዘርግተው ሲሞቁ ተቃጥሎ፣ ያወቁት በሽታው ነው። አዎ፣ የቆዳ ሽታው። እግራቸው አልነገራቸውም።

ማታ ማታ እግሯን አንቺ እይላት። በጣቶቿ መሀል፣ ተረከዟ ስር። እሷ ጎንበስ ማለት ከከበዳት አንቺ አለሽ። ጫማ ከማድረጓ በፊት ውስጡን በእጅሽ ዳስሺ። በባዶ እግር አትሂድ፣ ቤት ውስጥም። ለእግር መታጠቢያ ውሃውን በክርንሽ ለኪላት እንጂ በእግሯ አትሞክረው። ከሰል ላይ እንዳታሞቀው። ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ። የእግር ስሜቷን የሚለኩበት ቀላል መንገድ አለ፣ ቀጭን የናይሎን ክር ነው፣ አያምም። መደንዘዝ ሁሉ በስኳር አይመጣም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያመጣዋል፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ላይ እጥረቱ ይታያል። መድኃኒቷን ግን ራሷ እንዳታቆም፣ ጠይቂ።

የጎጃም_ልጅ_ፒያሳ፦

ሲስተር እጅሽ ይባረክ። እኔ ልጅ ሆኜ አገር ቤት በዱላ የሚሄድ፣ እግሩ ደርቆ የተቆላለፈበት ጎረቤት ነበረን። "ጓያ ያዘው" ይሉ ነበር። እሱም ነርቭ ነው? እሱ ግን ቢቆነጥጡት ይሰማው ነበር።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

ነርቭ ነው፣ እና የታዘብከው ነገር ትልቅ ነው። ጓያ ድርቅ የሚችል እህል ነው፣ ሌላው ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ሰው ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርገው ውስጡ ያለው መርዝ ነርቭ ያጠቃል። የሚያጠቃው ግን የትኛውን መስመር ነው? ከአንጎል ቁልቁል ወርዶ እግርን የሚያዘውን። ስለዚህ እግሩ ይደርቃል፣ ሲራመድ ጉልበቱ ይጋጫል። ሽቅብ የሚወጣው፣ ስሜት የሚያመጣው መስመር ግን ደህና ነው። አእምሮም ደህና ነው። የጀበና እህታችን እናት ላይ የምናየው ተቃራኒውን ነው፣ እግሯ ይራመዳል፣ ወሬ አያመጣም። አንድ እግር፣ ሁለት መስመር። ጓያን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልም ይረዳል። አንዴ የደረቀ እግር ግን አይመለስም።

ሚጥሚጣ_22፦

ጣልቃ ልግባ። በርበሬስ ለምን "ያቃጥላል"? እሳት የለው።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

ምክንያቱም ምላስህ ላይ ያለው በር አንድ ነው። ከ43 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚከፈተው በር፣ በበርበሬ ውስጥ ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ሲነካውም ይከፈታል። አንጎል የሚያየው በሩ መከፈቱን ብቻ ስለሆነ "እሳት" ይላል፣ አልቦህ ታለቅሳለህ። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁልየስ በ2021 ኖቤል አግኝቶበታል። ክትፎ በሚጥሚጣ በልተህ ወዲያው ትኩስ ቡና ብትጠጣ ከወትሮው በላይ የሚያቃጥልህም ለዚህ ነው፣ ካፕሳይሲን በሩን በትንሽ ሙቀት እንዲከፈት ያደርገዋል። ውሃ አያጥበውም። ወተት ያጥበዋል፣ አይብም። ክትፎ ላይ አይብ ያደረጉ እናቶች በምላሳቸው ደርሰውበታል።

ጀበና_አምባሳደር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ስልኬን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ስለ "ግልባጭ" ስደርስ ዝም አሉ፣ የመንግስት ጡረተኛ ናቸው፣ ከዚያ "እንዲህ ከሆነስ ይሁን" አሉ። "አትልቀቅ" የሚለውን ሳነብላቸው ደግሞ ጋዜጣቸውን አጥፈው ተማሪውን አዩት።

ሌላ ጥያቄ ጨመሩብኝ። ቡና እንዴት ነው የሚያነቃው? እሳቸው "ቡና ሳልጠጣ ራሴን ያመኛል" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጠዋት ሲመጡ ፊታቸውን አውቀዋለሁ።

መምህር_አራት_ኪሎ፦

ለዚህ አንድ ያልነገርኩሽን ነገር ላምጣ። ነርቭ ከነርቭ አይነካካም። አንዱ የሚያልቅበትና ሌላው የሚጀምርበት መሀል ክፍተት አለ፣ ከሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ገደማ። እዚያ ኤሌክትሪኩ ይቆማል። ነርቩ ጫፉ ላይ ያለውን ከረጢት አፍርጦ ኬሚካል ይለቃል፣ ኬሚካሉ ተሻግሮ ያኛውን ይነካል።

ይህን ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ሌሊት የሙከራውን ሀሳብ አልሞ ነቃ፣ ወረቀት ላይ ሞነጫጨረ፣ ተኛ። ጠዋት ጽሁፉን ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሀሳቡ ተመልሶ መጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ። የአንደኛውን ልብ የሚያዘገይ ነርቭ አነቃቃ፣ ልቡ ቀስ አለ። ከዚያ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ ለሁለተኛው ልብ ሰጠው። ነርቩ ያልተነካው ልብም ቀስ አለ። በፈሳሹ ውስጥ አንድ ነገር ነበር ማለት ነው። ይሄ በ1921 ነው፣ በ1936 ኖቤል ተካፈለበት።

ቡና የሚሰራው እዚያ ክፍተት አካባቢ ነው። ነቅተሽ በዋልሽ ቁጥር አደኖሲን የሚባል ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ነርቮቹን ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል። የቡናው ካፌይን ቅርጹ አደኖሲንን ስለሚመስል መቀመጫው ላይ ቀድሞ ቁጭ ይላል። አደኖሲን መጥቶ ቦታ ያጣል። ስለዚህ ቡና ጉልበት አይሰጥሽም፣ ድካምሽ እንዳይሰማ ነው የሚያደርገው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ደግሞ መቀመጫ ይጨምራል። ጠዋት ቡናው ሲቀር አደኖሲን ያን ሁሉ ባዶ መቀመጫ ያገኛል፣ በአንጎል ያሉ ደም ስሮችም ይሰፋሉ፣ የጋሼ ራስ ምታት እሱ ነው። አንድ ነገር ንገሪያቸው፣ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አስር ሰዓት ላይ የጠጡት ቡና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ከሰዓት በኋላ ያለውን ይቀንሱ።

የሽቦ_ሰው_መርካቶ፦

ሽቦ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ በየመገጣጠሚያው ኬሚካል አለ ማለት ነው። ስንት መገጣጠሚያ አለ?

መምህር_አራት_ኪሎ፦

አንጎል ውስጥ ብቻ ወደ 86 ቢሊዮን የነርቭ ህዋስ አለ። እያንዳንዱ በሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር ይገናኛል። አንተ አባዛው። ይሄ ሁሉ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ከሰውነት 2 በመቶ፣ ከምናቃጥለው ምግብ ግን 20 በመቶውን ይወስዳል። ትልቁ ወጪ ያ የነገርኩህ ፓምፕ ነው፣ ተኝተህም አያርፍም።

ጀበና_አምባሳደር፦

ሲስተር፣ ትናንት ማታ ያልሽኝን አደረግኩ። ውሃውን በክርኔ ለካሁ፣ እግሯን አጠብኳት፣ በስልክ መብራት በጣቶቿ መሀል አየሁ። ተረከዟ ስር ትንሽ ቁስል አለ፣ ዙሪያው ቀላ ብሏል። "መቼ ነው?" ስላት "ምን?" አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን በእጄ ዳሰስኩት። ውስጡ የምስማር ጫፍ ከሶሉ ወደ ላይ ወጥቷል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አታውቅም፣ ዕሁድ በዚያ ጫማ ከቤት እስከ ቤተክርስቲያን ደርሳ ተመልሳለች።

ጫማውን ጥዬዋለሁ። ቁስሉን በንጹህ ውሃ አጥቤ በንጹህ ጨርቅ ሸፈንኩት። ነገ ጠዋት ቡና አላፈላም፣ ሐኪም ጋ ይዣት ልሄድ ነው።

ሲስተር_ልደታ፦

ጎሽ የኔ እህት። ነገ እንዳያልፍሽ። ጫማው ገና ከተጣለበት ካልጠፋ ይዘሽው ሂጂ፣ ምስማሩ ዝጎ እንደሆነ ያዩታል፣ የቴታነስ መርፌዋ መቼ እንደነበርም ይጠይቁሻል። ስኳሯንም ከቤት ሳትወጡ ለክታ ቁጥሩን ጻፊው። የሚሉሽን መጥተሽ ንገሪን።